ለአበባይሽ ወጥ የተመረጠው ወይን

ሆላንድ፣ ሮተርዳም ዙይድ በሚባለው ሰፈር የአበባይሽን ዶሮ ወጥ ያልቀመሰ ሐበሻ ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ነው ወይ ከሰው ጋር የተጣላ ነው። ክርስትና ሲነሣ፣ ሰርግ ሲደገስ፣ ለቅሶ ቤት ሲኬድ ትልቁን ድስት ይዛ የምትመጣው እሷ ናት። እንጀራዋ ቶይስዞርግ፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ነው፤ በብስክሌት ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒታቸውን ታስውጣቸዋለች። ንግግሯ ዝግ ያለ ነው፣ ሳቋም እንዲሁ። ወጧ ላይ ከመጡባት ግን ዓይኗን አታሽም።

በዚህች ሴት ላይ የደረሰውን ለመረዳት መጀመሪያ ስለ አንድ የጣልያን ወይን መስማት ያስፈልጋል። ወይኑ ባርቤራ ይባላል፤ ከሰሜን ጣልያን፣ ፒዬሞንቴ ከሚባል አገር ይመጣል። ቤቷ ያስገባው ባሏ አድማሴ ነው። አድማሴ ዴንሃግ ውስጥ አንድ የጣልያን ምግብ ቤት ሲያስተናግድ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ነጭ ሸሚዝ ያምርበታል፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ “እሱ ካልታዘዘን አንቀመጥም” የሚሉ ደንበኞች አሉት። የምግብ ቤቱ ባለቤቶች የፒዬሞንቴ ሰዎች ስለሆኑ እያንዳንዱን ወይን እንደ ሰው ጠባይ እያወጡለት ያስተማሩት ሲሆን፣ እሱም ቤቱ ሲገባ ጫማውን እያወለቀ ያንኑ ለሚስቱ ይደግምላታል።

እንደ አድማሴ ትምህርት ባሮሎ የሚባለው ወይን ኩሩ ነው። ለክብር እንግዳ ብቻ ይወጣል፣ እንደ ጠነከረ ሻይ ምላስና ድድ ያደርቃል፣ ዓመታት ካልቆየ አይገራም። ባርቤራ የዚያው አገር ልጅ ሆኖ ጠባዩ ሌላ ነው። መልኩ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ የበሰለ ቼሪና ፕሪም ይሸታል፤ አፍ አያደርቅም፣ የማንም ቤት ይገባል፣ ከዕለት ምግብ ጋር ይቀመጣል። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ኮምጠጥ ይላል። ያ ኮምጣጣነቱ ስብ ሲያገኝ ስቡን ቆርጦት ያልፋል፣ ስብ ካጣ ግን የሚይዘው አጥቶ የበላተኛውን ምላስ ይቆነጥጣል። “ቅቤ ይወዳል” ይላል አድማሴ፣ ስለ አንድ ቀልማዳ ዘመዱ የሚያወራ ይመስል።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ ያመጣው ልጃቸው ሄርሜላ ገና አንደኛ ደረጃ ስትማር፣ በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ፒዬሞንቴዎች እንደኛው ጥሬ ሥጋ ከትፈው በዚህ ወይን እንደሚበሉ አጫወታት። አበባይሽ ሳቀች። ሄርሜላን ስታረግዝ አዋላጇ ጥሬ ሥጋ ከከለከለቻት ወዲህ ክትፎ ከዚያ ቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ታዲያ ለእኛ ምን ያደርግልናል ብላ ጠየቀችው። እሱም ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ “ይሄንን የመረጥኩት ላንቺ ወጥ ብዬ ነው” አላት።

አበባይሽ እስከዚያ ቀን ድረስ ለእሷ ተብሎ የተመረጠ ነገር አታውቅም። ልጅ ሆና የታላቅ እህቶቿን ቀሚስ እየለበሰች አደገች። ስትሰደድ መንገዱን ደላሎች መረጡት። ሆላንድ ስትገባ ካምፑንም ከተማውንም መንግሥት መረጠላት፣ ቤቱን የቤቶች ማኅበሩ ሰጣት። አድማሴን እንኳ “ካምፑ ውስጥ ሌላ ማን ነበረና?” እያለች ትቀልድበታለች። እና ያ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው ወይን ሲመርጥ የሚውለው ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ጠርሙስ መሀል አንዱን ለእሷ እጅ ብሎ መርጦ መጣ። ሌላዋ ሴት ወርቅ ሲገዛላት እንደሚሰማት ያለ ነገር ተሰማት፤ እንዲያውም ከዚያ በለጠባት።

ጠርሙሱ የራሱ ሥርዓት ነበረው። አድማሴ ቀይ ወይን እንደ ቢራ አይቀዘቅዝም፣ በክፍሉ ሙቀትም አይተውም ይላል። የወጥ ቤት ፎጣ ውኃ ነክሮ ይጨምቅና ጠርሙሱን ይጠቀልለዋል፤ ጫፉን አንገቱ ላይ አዙሮ ወደ ውስጥ ይወትፈዋል፤ ከዚያ ምግቡ እስኪቀርብ ድረስ ፍሪጅ በሩ ላይ ያቆመዋል። የወይኑን ስም ለፈለግሽው ንገሪ፣ ፎጣዋን ግን ለሁለታችን እንተዋት ብሏት ነበር። እሷም ለማንም ተንፍሳ አታውቅም።

ስሙን ግን አዳረሰችው። ጎረቤት ከተማ ስኪዳም ያለችው ወዳጇ የትነበርሽ ከእሷ ሰምታ ለእህቶቿ ነገረች፣ እነሱም ለማኅበርተኞቻቸው፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በዚያ አካባቢ ባርቤራ የማይከፈትበት ፋሲካ ጠፋ። “የአበባይሽ ወይን” ነው የሚሉት። አንድ ሰው ብቻ አልቀበል አለ፤ የየትነበርሽ አባት አቶ ገብረሥላሴ። ሽማግሌው አንድ ፋሲካ ከወጡ ጎረሱ፣ ከወይኑ ተጎነጩ፣ ብርጭቆውን ገፋ አደረጉና “ልጄ፣ ይሄ ነገር ከወጥሽ ጋር ይጣላል” አሏት። አበባይሽ ተቀየመች። እውነቱን ለመናገር እሷም ትንሽ ይኮመጥጣት ነበር። በርበሬው ሲያቃጥል ወይኑ ይብስበታል። ግን ባሏ የሥራው ሰው ነው፣ ጥፋቱ የእሷ ምላስ ነው ብላ ዋጠችው።

ጥፋቱ የወጧ ነው ማለት የጀመረችው ደግሞ ቆይታ ነው። የእናቷ ዶሮ ወጥ በርበሬው የሚያስለቅስ፣ ሽንኩርቱ ቀኑን ሙሉ የሚቁላላ፣ ቅቤው ግን ሊወጣ ሲል ለሽታ ያህል ብቻ ጠብ የሚልበት ነበር። አድማሴ በየፋሲካው ሲቀምስ “ትንሽ ቅቤ ጨመር ብታደርጊበት” ይላል፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። እሷም ጨመር ታደርጋለች። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ጨመር፣ በርበሬውንም ቀነስ። እንዲህ እያለች የእናቷን እጅ ሳታውቀው ለቀቀችው። ሰው ግን ወደደላት፣ ልጇም ሌላ ጣዕም አታውቅም፣ ስለዚህ አልቆጫትም።

ፋሲካ በመጣ ቁጥር ገበታዋ ላይ የማትጠፋ አንዲት ሴት ነበረች፤ ሳያት፣ የሄርሜላ የክርስትና እናት። ወልቂጤ ተወልዳ ያደገች፣ ሆቴል የምትሠራ፣ ባሏን ፈትታ አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ሰፈር ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። አበልጅ ማለት በቤተ ክርስቲያን ዓይን እንደ ሥጋ ዘመድ ነው፤ ለአበባይሽ እህት፣ ለአድማሴም እህት ማለት ነው። አበባይሽ ብዙውን ቅዳሜና እሑድ ሥራ ስለማይለቃት እሷ ስሎተርቫርት እምብዛም አትሄድም፤ ሳያት ናት ወደ ሮተርዳም የምትመጣው። ስትመጣ ድፎ ዳቦ ይዛ ትመጣለች፣ ወጡን ታመሰግናለች፣ ብርጭቆዋን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ “ስሙ ማን ነበር ይሄ ወይን?” ትላለች። በየዓመቱ ትረሳዋለች። አበባይሽም በየዓመቱ በደስታ ትነግራታለች።

ባለፈው መስከረም ሄርሜላ አምስተርዳም ትምህርት ስትጀምር የሚከራይ ካመር፣ የተማሪ ክፍል፣ ጠፋ። ሳያት እኔ እያለሁ ልጄ የማንን ቤት ትለምናለች ብላ አንዱን ክፍሏን ለቀቀችላት። አበባይሽ አበልጇን በስልክ መርቃ መርቃ አልጠግብ አለች።

የሁዳዴ ቅበላ እሑድ ላይ አበባይሽ ሥራ ነበረባት። ወሎዬዋ የሥራ ባልደረባዋ ሂዳያ ግን ለቅበላሽ ልጅሽ ጋ ሂጂ፣ እኔ እሸፍንልሻለሁ፣ ኢድ ሲመጣ አንቺ ትሸፍኚልኛለሽ ብላ ፈረቃውን ወሰደችላት። አድማሴ ዴንሃግ ሥራ እገባለሁ ብሎ በጠዋት ወጥቷል። አበባይሽ ለማንም ሳትደውል ለቅበላው ከሠራችው ዶሮ ወጥ በዕቃ ጨልፋ ባቡር ተሳፈረች። ልጇን ልታስደንቅ ነው የፈለገችው።

በሩን የከፈተችው ሄርሜላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሳያት ከወጥ ቤት ብቅ አለችና ማንኪያ እንደያዘች ቆመች፣ ከዚያ መጥታ ሳመቻት። አበባይሽ ያላሰናዱለት እንግዳ የመጣበት የባለቤት ድንጋጤ ነው ብላ አለፈችው። ክትፎው በጣባ ሆኖ ቀርቧል፣ አይቡና ጎመኑ አጠገቡ ነው፤ ለሁለት ሴቶች በዝቷል። የያዘችውን ዕቃ ልታስቀምጥ ፍሪጁን ከፈተች። በሩ ላይ በእርጥብ ፎጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ቆሟል፤ የፎጣው ጫፍ አንገቱ ላይ ዞሮ ወደ ውስጥ ተወትፏል።

ፎጣውን ማን አስተማረሽ ብላ ስትጠይቅ ድምፅዋ ምንም አልሆነም። ሳያት ሽንኩርት የምትፈልግ መሰለች። የመለሰችው ሄርሜላ ናት። “ባባ ነው ያሳያት” አለች ከሳሎን፣ ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች፤ “እኔን ሊያይ ሲመጣ።”

አበባይሽ ያችን ቃል አጥብቃ ያዘቻት። ልክ ነው፣ ሰውዬው ልጁን ሊያይ ይመጣል፣ ሲመጣ ጠርሙስ ይይዛል፣ ፎጣውን ለአበልጁ ቢያሳይ ምን ነውር አለው? ትንሽ ከፋት እንጂ ቂም የሚያስይዝ አልነበረም። ተቀመጠች። ሳያት ጥሬ እንደማትበላ ስለምታውቅ ለብለብ ላድርግልሽ አለቻት። አበባይሽ ተዪው፣ ዛሬስ እንዳለ ልቅመሰው አለች። ለምን እንዳለች ራሷም አታውቅም።

ጎረሰች። ኮሰረት የገባበት ቅቤ ምላሷን አለበሰው። ከወይኑ ተጎነጨች። ወይኑ በቅቤው መሀል ሰንጥቆ አለፈና አፏን አጥቦ ለሚቀጥለው ጉርሻ ለቀቀላት። አልኮመጠጠም። ያን ሁሉ ዓመት ጥፋቱ የምላሴ ነው ስትል የኖረችበት መቆንጠጥ የለም። ደግማ ጎረሰች፣ ደግማ ጠጣች፤ እንዲህ የሚስማማ ነገር ቀምሳ አታውቅም። ከዚያ ተነሥታ ዕቃዋን ከፍሪጁ አወጣች፣ ከራሷ ወጥ በእንጀራ ጠቅልላ ጎረሰችና ከዚያው ብርጭቆ ጠጣች። ያ ሁሉ ቅቤ ተጨምሮበት፣ በርበሬው ያን ያህል ተቀንሶለት፣ አሁንም ይጣላል።

የልጇ ቃል አፏ ውስጥ ካለው ነገር ጋር አልገጥም አላት። ይህ ወይን ከእሷ ቤት ወደ ሳያት ቤት የመጣ አይደለም። የተመረጠው እዚህ ገበታ ላይ ነው፣ ለዚህ ክትፎ ነው፤ ወደ እሷ ቤት የሄደው ከዚህ ነው። ያ ደግሞ የሆነው ሄርሜላ ካመር ከመፈለጓ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነው። ያኔ አድማሴን ስሎተርቫርት የሚያመጣው የልጅ ጉዳይ አልነበረም።

“ሳያት” አለች። “የዚህን ወይን ስም በየፋሲካው ትጠይቂኝ ነበር።”

“እረሳዋለሁ እኮ፣ አበልጄ።”

“ዛሬስ ስሙ ማን ነው?”

ሳያት የቀረበውን ጣባ እንደገና ታስተካክል ጀመር። ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወረደ። ሄርሜላ አንዴ ወደ አንዷ አንዴ ወደ ሌላዋ ተመለከተችና “ማማ፣ ዋት ኢስ ኤር? ምን ሆናችሁ?” አለች። አበባይሽ ምንም የለም ብላ ግንባሯን ሳመቻት፣ ካፖርቷን ለበሰችና ወጣች።

በማግስቱ ሁዳዴ ገባ፣ ጾሙም ሸፈነላት። በጾም ባልና ሚስት አልጋ ይለያሉ፣ ሰው ቃሉን ይቆጥባል፣ ፊቱ ቢጠወልግ ማንም አይጠይቀውም። ሳያት ለአድማሴ ነግራው መሆን አለበት፤ በትዳር ዘመኑ ያላጠበውን ሳህን ማጠብ የጀመረው ያን ሰሞን ነው። አበባም ገዝቶ መጣ። አበባይሽ አበባውን ውኃ ውስጥ ከተተችው፣ አመሰገነችውም። ደግነቱ አንገሸገሻት።

ባል እንደሚከዳ ታውቃለች፤ በሰው ቤት አይታለች። ጓደኛም ይከዳል። ከአበልጅ ጋር መሆን ግን ለንስሐ አባት እንኳ እንዴት ተብሎ እንደሚነገር አታውቅም። ይህ ሁሉ ያንገበግባት ነበር። ያስለቀሳት ግን ቅቤው ነው። አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ የትራፊክ መብራት ላይ ብስክሌቷን ደግፋ ስትጠብቅ እያንዳንዱ “ጨመር አድርጊበት” ትዝ አላት። ወጧን በማንኪያ በማንኪያ ወደ ሌላ ሴት ገበታ ሲጎትትባት ኖሯል፣ እሷም ወዳ ተጎትታለች። የእናቷን እጅ የሰጠችው ለዚህ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ደግሞ ቀይ ሆነ፤ ከኋላዋ ያሉት ደወል እየደወሉ አለፏት።

በጾሙ መሀል አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቶ ገብረሥላሴን አገኘቻቸውና ጉልበታቸውን ሳመች። “እርስዎ ልክ ነበሩ” አለቻቸው። ስለ ምኑ ብለው ግራ ገባቸው። ስለ ወይኑ ስትላቸው ሽማግሌው ሳቁና እኔማ ኮመጠጠኝ እንጂ ምን አውቄ ነው አሏት።

ፋሲካ ደረሰ። ሳያት ጉንፋን ይዞኛል ብላ ለሄርሜላ ነግራ ቀረች። አበባይሽ ወጡን ብቻዋን ሠራች። ቅቤውን ሊወጣ ሲል ጠብ አደረገችበት፣ በርበሬውን ግን ሳትሰስት ጨመረችው። እጇ የረሳው መስሏት ነበር፤ አልረሳውም። አድማሴ ፎጣውን ነክሮ ጨምቆ ጠርሙሱን ጠቀለለው፤ እሷም እያየችው ወጡን አወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ገበታ ቀረቡ። አድማሴ ጎረሰ፣ ጠጣ፣ ፊቱ ተጨማደደ። ቅቤ አንሶታል መሰለኝ፣ ከወይኑ ጋር አልሄደም አለ።

“ቅቤ አላነሰውም” አለች አበባይሽ። “እናቴ የምትሠራው እንዲህ ነው። ወይኑን ለማን ወጥ ነበር የመረጥከው?”

ላንቺ ነዋ ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ደንበኛ ሲቆጣ የሚስቀው ሳቅ ነበር።

“አድማሴ፣ ሳያት ቤት በክትፎ ቀምሼዋለሁ።”

ሄርሜላ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። አድማሴ ጠርሙሱን አየ። ሌላ ማንኛውንም ነገር ሊክድ ይችል ነበር፤ እሷ ባትቀምሰው ኖሮ ይህንንም ይክድ ነበር። ቀምሳለች። የዕድሜ ልክ ሥራው ሰው በምላሱ ያወቀውን ማመን ነው።

“መጀመሪያ ለክትፎ ነበር” አለ። ድምፁ ያ ለስላሳ ድምፅ አልነበረም። “ከዚያ ላንቺም ወጥ ይስማማል ብዬ…”

“ያስማማኸው ወጤን ነው” አለች።

ሄርሜላ በእጇ አፏን ያዘች። አበባይሽ ተነሣች፣ ፎጣውን ከጠርሙሱ ፈታች፣ ቡሹን መልሳ ደፈነች። ጠርሙሱን ወስዳ በር ሥር ከአድማሴ ጫማ አጠገብ አስቀመጠችው። የወጥ ቤት ፎጣው የቤቷ ነው፤ እሱን መታጠቢያው ላይ አሰጣችው። አድማሴ ተቀምጦ ሊጠብቅ ሞከረ። ኋላ ተነሥቶ ጫማውን አደረገ፤ ጠርሙሱን ይያዝ ይተወው እንደማያውቅ ሰው ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ይዞት ወጣ።

በሩ ተዘግቶ ገና ስልክ ጮኸ። የትነበርሽ ናት፣ ከስኪዳም። ከኋላዋ ሳቅና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። እንኳን አደረሰሽ ብላ ስታበቃ፣ ይኸው ሁላችንም ያንቺን ወይን ከፍተን ዶሯችንን እየበላን ነው፣ አድማሴን ተባረክ በይልን አለቻት። አበባይሽ በዚያች ሰዓት በዙይድና በስኪዳም በየቤቱ የተከፈተው ባርቤራ ሁሉ ታያት፤ ያከፋፈለችው እሷው ናት።

“የትነበርሽ” አለች፣ “ክትፎ ካለሽ በክትፎ ጠጪው። ለዶሮ አይሆንም።”

“ውይ፣ ከመቼ ወዲህ?”

“ከመጀመሪያውም አይሆንም ነበር።”

ስልኩን አስቀምጣ ወደ ገበታው ተመለሰች። ሄርሜላ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ከበርበሬው ይሁን ከሌላው ሳይለይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የአያቷን ወጥ እየበላች ነበር። አበባይሽ ለሁለቱም ውኃ ቀዳች።